ሶብር ሕመም መጨመር አይደለም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።

በየሰፈራችን ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲሰግዱ ሲነገራቸው፣ «እስክወድቅ ድረስ ቆሜ ነው የምሰግደው፤ ስቃዩ ለወንጀሌ ከፋራ ይሆነኛል» ይላሉ። ልጆቻቸው የውዱእ ውሃ እናሙቅልዎ ሲሏቸው፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተደረገ ውዱእ አጅሩ ይበልጣል ብለው እምቢ ይላሉ። ምርኩዝ ይያዙ የተባሉ አባትም እንዲሁ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይሄዳሉ እንጂ አይቀበሉም። ንግግራቸው ከኢማን የመጣ ስለሚመስል ማንም ደፍሮ አይመልስላቸውም።

ይሁን እንጂ በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ተደብቋል። አላህ (ሱ.ወ) ከባሪያው የሚሻው ስቃዩን ነው ወይስ ትዕግሥቱን? ሶብር ማለትስ የመጣውን ሕመም መሸከም ነው ወይስ በመጣው ላይ ሌላ መጨመር? ጥያቄው የኪታብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እንደምንመልሰው ሁሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚኖሩበት መንገድ ይለያያል።

የሕመሙ ጠባይ

ቁርጥማት ወይም ሪህ እያልን በጅምላ የምንጠራው የመገጣጠሚያ ሕመም በውስጡ ብዙ ዓይነት አለው። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት እየሳሳና እየተጎዳ ሲሄድ የሚመጣው ነው። ይህኛው ጉልበትን፣ ዳሌን፣ ወገብንና ጣቶችን ያጠቃል፤ ብዙ ሲቆሙና ደረጃ ሲወጡ ይብሳል። ሁለተኛው ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚከሰት ነው። በዚህ ጊዜ በሁለቱም እጆች ላይ ጣቶችና አንጓዎች ያብጣሉ፤ ጠዋት ሲነሱ እጅ አልታዘዝ ብሎ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህ ዓይነቱ ሽማግሌዎችን ብቻ ሳይሆን ወጣቶችንም ይይዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው ዓይነት 528 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ደግሞ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ላይ ነበረ። በሁለቱም ከታማሚዎቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ በመጀመሪያው ከመቶ ስድሳ፣ በሁለተኛው ከመቶ ሰባ ያህል። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሕመሞች ጨርሰው አይድኑም፤ ነገር ግን ሊቀልሉ ይችላሉ። ስለዚህ ታማሚው ከሕመሙ ጋር ለዓመታት አብሮ መኖር አለበት። ለሦስት ቀን ትኩሳት የሚበቃ ሶብር ለሃያ ዓመት ጉልበት አይበቃም፤ ይህኛው ሶብር ዘዴ ይፈልጋል።

በከተማችን ምሥራቅ በኩል ያለን ሰዎች ይህንን በደንብ እናውቀዋለን። የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው እዚሁ ቦሌ ገርጂ ላይ ነው። ከዚያም ወደ ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ተስፋፋ። ከእነዚህ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሲኖራቸው አሳንሰር የላቸውም። ዕጣው ሲወጣ ሁሉም አልሐምዱሊላህ ብሎ ገባ፤ ስለ ፎቁ የጠየቀ ጥቂት ነው። ነገር ግን ያኔ አርባ አምስት ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳን አልፏል። ዛሬ ለእሱ አራተኛ ፎቅ ማለት ከጁምዓ፣ ከለቅሶ፣ ከዘመድ ጥየቃና ከሐኪም ቤት የሚለየው አጥር ማለት ነው።

የሁለት እግረኞች ታሪክ

ጎን ለጎን ቢነበቡ ለጥያቄያችን መልስ የሚሰጡ ሁለት ሐዲሶች አሉ። የመጀመሪያውን ያወሩት ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ) ሲሆኑ ሙስሊም ዘግበውታል። ቤቱ ከመዲና መስጂድ እጅግ የራቀ አንድ ሰው ነበር። ሆኖም አንዲትም ሶላት አታመልጠውም። በጨለማና በሐሩር የሚጋልበው አህያ ቢገዛ እንደሚሻል ተነገረው። እሱ ግን ቤቱ ከመስጂዱ ጎን ቢሆን እንኳ ደስ እንደማይለው፣ ሲሄድም ሲመለስም እርምጃው እንዲጻፍለት እንደሚፈልግ ተናገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን በሰሙ ጊዜ አላህ ያንን ሁሉ እንደሰበሰበለት አበሰሩት።

ሁለተኛውን አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) አውርተውት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ ሽማግሌ ሁለት ልጆቹ ግራና ቀኝ ደግፈውት እየተጎተተ ሲሄድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዩት። ስለ ሁኔታው ሲጠይቁ በእግሩ ለመሄድ ስለት መሳሉ ተነገራቸው። ነቢዩም አላህ ይህ ሰው ነፍሱን ከሚያሰቃይበት ነገር የተብቃቃ መሆኑን ገልጸው እንዲጋልብ አዘዙት።

እንግዲህ እናስተውል። ሁለቱም እግረኞች ናቸው፤ ሁለቱም የሚሄዱት ለአላህ ብለው ነው፤ ለሁለቱም መጋለብ ቀርቦላቸዋል። አንደኛው በእግሩ በመሄዱ ተመሰገነ፤ ሁለተኛው ከእግር ጉዞው ተከለከለ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ድርጊቱ አንድ ነው፤ የተለያየው ጉልበታቸው ነው። የመጀመሪያው አካሉ የሚሸከመውን ለጌታው ሰጠ። ሁለተኛው አካሉ የማይሸከመውን በራሱ ላይ ጫነ። ለአንዱ ዒባዳ የሆነው ለሌላው ራስን ማሰቃየት ሆነ። ሃይማኖታችን እርምጃውን ብቻ አይቆጥርም፤ የተራማጁንም እግር ይመለከታል።

ይህን የሚያጠነክሩ ሌሎች ሐዲሶችም አሉ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ባወሩትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አቡ ኢስራኢል የተባለ ሰው ፀሐይ ላይ ሊቆም፣ ላይቀመጥ፣ ላይጠለል፣ ላይናገርና ሊጾም ስለት ተስሎ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲናገር፣ እንዲጠለል፣ እንዲቀመጥና ጾሙን ግን እንዲፈጽም አዘዙ። ዒባዳ የሆነውን አጸኑለት፤ ስቃይ ብቻ የሆነውን አነሱለት። እንዲሁም በመስጂዱ ውስጥ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ታስሮ ባዩ ጊዜ፣ ዘይነብ (ረ.ዐ) በሶላት ሲደክሙ የሚይዙት መሆኑ ተነገራቸው። ገመዱ እንዲፈታ አዘው፣ ሰው ብርታት ሲኖረው እንዲሰግድ፣ ሲደክመው ግን እንዲቀመጥ አስተማሩ።

የሚነሳው ክርክር

«ታዲያ በችግር ጊዜ ውዱእን አሟልቶ ማድረግ ወንጀልን እንደሚያብስ በሐዲስ ተነግሮ የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ተነግሯል። ሙስሊምን የእሾህ ውጋት እንኳ ብትነካው ከወንጀሉ እንደሚራገፍለትም በሶሒሕ ሐዲስ ተረጋግጧል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተነገረው ሳይፈልገው ስለሚመጣበት ችግር ነው። እሾህ የወጋው ሰው አጅር አለው፤ አጅር ፍለጋ እሾህ ላይ የሚረማመድ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በብርድ ሌላ ውሃ አጥቶ በቀዝቃዛው የታጠበ ሰው ምንዳው የተጠበቀ ነው፤ ምድጃው እየነደደ ማንቆርቆሪያውን ከእሳት የሚያወርድ ሰው ግን ችግሩን ራሱ ፈጠረ እንጂ ችግር አልገጠመውም።

የቀደሙት ዑለማዎች ይህንን በሚገባ ለይተውታል። በ660 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም ስቃይ በራሱ ወደ አላህ መቃረቢያ ሊሆን እንደማይችል፣ ምንዳ የሚገኘው ሥራው ያለ ችግር የማይፈጸም ሲሆን መሆኑን አብራርተዋል። በ790 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም ሻጢቢይም አል-ሙዋፈቃት በተባለው ኪታባቸው፣ ሰው ምንዳው ይበልጥልኛል ብሎ ችግሩን ራሱን ዓላማ ማድረግ እንደማይገባው አስተምረዋል።

የነቢዩላህ አዩብን (ዐ.ሰ) ታሪክም እናስታውስ። በሶብር ምሳሌ የሚሆኑት እኚህ ነቢይ ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ሕመምን ለአላህ መንገር ሶብርን አያፈርስም። መዳናቸው ሲመጣ ደግሞ እግራቸውን መሬት ላይ እንዲመቱና ከሚፈልቀው ውሃ እንዲታጠቡና እንዲጠጡ ታዘዙ። መርየምም (ዐ.ሰ) በምጥ ጭንቅ ውስጥ ሳሉ የተምሩን ግንድ እንዲወዘውዙ ተነገራቸው። አላህ ያለ እግር ምት ሊፈውስ፣ ያለ መወዝወዝ ተምሩን ሊያረግፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በሕመም ውስጥ ያለ ሰው ሰበብ እንዲያደርስ አስተማረን። ምርኩዝ፣ ወንበርና የሞቀ ውሃ ሰበቦች ናቸው።

ሶላትና ውዱእ ለታማሚ

ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ይዟቸው ስለ ሶላት በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። ቡኻሪ የዘገቡት ይህ ሐዲስ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ሶላት በማንኛውም ሁኔታ አይተውም። ሁለተኛ፣ ወደ ታችኛው ደረጃ የሚወረደው የላይኛው ሲያቅት ነው። ስለዚህ ሩኽሳ ለስንፍና የተዘረጋ ምንጣፍ አይደለም። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆሞ ተከራክሮ፣ ለሦስት ደቂቃ ቂያም ብቻ ወንበር የሚጠይቅ ሰው ራሱን ይመርምር።

መታጠፍ የማይችል ጉልበት ያለው ሰው ወንበር ላይ ሆኖ ለሩኩዕ ጎንበስ ይላል፤ ለሱጁድ ከዚያ ዝቅ ብሎ ያመለክታል። መቆም እየቻለ ሱጁድ ማድረግ የማይችልን ሰው በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የመቆም ግዴታው አይነሳለትም፤ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ተቀምጦ በምልክት መስገድ ይፈቀድለታል። ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችን ስለሚቀሩ እያንዳንዱ ኡስታዙን ይጠይቅ። በሱና ሶላት ግን በሩ ሰፊ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕድሜያቸው ሲገፋ የሌሊቱን ሶላት ተቀምጠው ይቀሩ ነበር፤ ሠላሳ ወይም አርባ ያህል አንቀጾች ሲቀሯቸው ተነስተው ቀርተው ሩኩዕ ያደርጉ ነበር። ከዚህ የበለጠ ለታማሚ የሚያጽናና ምሳሌ ከየት ይገኛል?

በውዱእ ረገድም ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሃ አፍስሰውላቸዋል። ቆዳ ጫማቸውን (ኹፋቸውን) ሊያወልቁላቸው ጎንበስ ሲሉም በጦሃራ ያጠለቁት መሆኑን ገልጸው በላዩ ላይ አበሱ። ስለዚህ የልጅ ልጅ ውሃ ቢያፈስ ነውር የለውም። እግሩን አንስቶ ማጠብ የሚከብደው ሰውም ሙሉ ውዱእ አድርጎ ኹፉን ካጠለቀ በኋላ በአገሩ ሆኖ አንድ ቀንና ሌሊት፣ መንገደኛ ከሆነ ሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣቱ ለሚደርቅበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የቤት ውስጥ ዘዴዎች

ዘዴ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ይይዘዋል። በየፎቁ መታጠፊያ ላይ ጎረቤት አንድ በርጩማ ቢያስቀምጥ፣ አራት ፎቅ በአንድ ትንፋሽ መውጣት ቀርቶ በአራት ዕረፍት ይሆናል። ውሃ በሃያ ሊትር ጀሪካን ከመሸከም በአምስት ሊትር መመላለስ፣ ፌስታልን በጣት ከማንጠልጠል በክንድ ላይ ማዋል ጣትን ያድናል። የሚጨበጥና የሚዞር የቧንቧ እጀታ በክርን የሚገፋ ቢሆን፣ የማንኪያና የቢላዋ እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢወፍር፣ ሒጃብ በመርፌ ቁልፍ ከሚያዝ ተሰፍቶ በአንገት የሚጠለቅ ቢሆን፣ ታማሚዋ ለትንሽ ነገር ሁሉ ሰው ከመጥራት ትድናለች።

እንጀራ የሚጋገረው ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተጎንብሶ መሆን የለበትም፤ ምጣዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ጉልበት ያርፋል። ቡናውም ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቢፈላ ጣዕሙ አይቀንስም። መቀመጥ የሚያስቸግር መጸዳጃ ላይ መሐሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ማስቀመጥ ብዙ ቤተሰብ የደረሰበት መላ ነው። ክብደት መቀነስም ትልቅ ነገር ነው፤ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚቀል በጥናት ታውቋል። ታመምኩ ብሎ ጨርሶ መተኛትም ጡንቻን ያደክማል፤ በመጠኑ መንቀሳቀስ ራሱ መድኃኒት ነው።

የቤቱን ነገርም እንነጋገር። አራተኛ ፎቁን አከራይቶ በዚያው ሰፈር ምድር ላይ መከራየት ከንብረት መውረድ አይደለም። እናትን በዓመት ሁለት ጊዜ በዒድ ብቻ ከምታወርድ ቤት፣ በየቀኑ ደጅ የምታወጣ የኪራይ ቤት ትሻላለች።

ስለ መድኃኒት ጥንቃቄ

ዱዓና ሩቅያ ሕክምናን አያስቀሩም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። ነገር ግን ከጎረቤት የተዋሱትን ወይም ያለ ትዕዛዝ የገዙትን ክኒን ለወራት መዋጥ ሕክምና አይደለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውን ተአምር የተደረገለት ያስመስላሉ፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆዩ ግን አጥንትን ያሳሳሉ፣ ስኳር ያመጣሉ፤ በድንገት ማቋረጣቸውም አደገኛ ነው። ለሁለተኛው ዓይነት ሕመም የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ያሳጣል፤ ለእርጉዝም አይሆንም።

በረመዷን ደግሞ አብዛኛው ታማሚ መጾም ይችላል። መድኃኒቱ በኢፍጣርና በሱሑር ከምግብ ጋር እንዲሆን ረመዷን ሳይገባ ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል። ጾሙ እንደሚጎዳው በታመነ ሐኪም የተነገረውና መዳኑ የማይጠበቅ ሰው ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል።

የጤነኞች ድርሻ

እስካሁን የተናገርነው ለታማሚው ነው፤ የጉዳዩ ግማሽ ግን በጤነኞች ትከሻ ላይ ነው። ብዙ ታማሚ ሩኽሳውን የማይቀበለው ኢማኑ ስለበረታ ሳይሆን ሸክም ላለመሆን ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ሹክር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ልጆቼን አላስቸግር የሚል ዝምታ ነው። ልጅ ይህንን መለየት አለበት። እናቱ ምርኩዝ እስክትጠይቅ የሚጠብቅ ልጅ ዘግይቷል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሐጅ ላይ እንኳ ለደካሞች መንገድ አበጅተዋል። ሰውነታቸው ከባድ የነበሩት ሰውዳ (ረ.ዐ) ሕዝቡ ሳይጋፋቸው ከሙዝደሊፋ ቀድመው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) መታመማቸውን ሲናገሩ ከሰዎች በስተኋላ እየጋለቡ ጠዋፍ እንዲያደርጉ ነገሯቸው። ሶላት የሚያሰግዱ ኢማሞችም ከኋላቸው ደካማ፣ ሕመምተኛና ሽማግሌ መኖሩን አስበው እንዲያሳጥሩ አዘዋል። ጀማዓው ለታማሚው ተመቻቸ እንጂ ታማሚው ከጀማዓው አልተባረረም።

ይህንን ይዘን ወደ መስጂዶቻችን እንመልከት። የሴቶች መስገጃ ፎቅ ላይ የሆነበት መስጂድ ጥቂት አይደለም። ከታማሚዎቹ ደግሞ የሚበዙት ሴቶች መሆናቸውን አይተናል። ስለዚህ ደረጃው የሚበረታው በጣም በታመሙት ላይ ነው። ምድር ላይ በመጋረጃ የተለየች አንዲት ጥግ፣ ጥቂት ወንበሮች፣ በደረጃው ጎን የሚያዝ ብረት፣ በውዱእ ቦታ ከፍ ያለ መቀመጫ፤ እነዚህን ለማሟላት የአንድ ጁምዓ መዋጮ ይበቃል። ምንጣፍ ለመለወጥ ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች፣ ምንጣፉ ላይ ሊደርሱ ያልቻሉትን እናስብ።

ለታማሚው የመጨረሻ ቃላችን ይህ ነው። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ባወሩትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ባሪያ ሲታመም ወይም ሲጓዝ በጤናውና በአገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት ተነግሯል። ስለዚህ ለሃያ ዓመት ቆመው የሰገዱ እናት ዛሬ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያ መቆማቸው አልተሰረዘም። ወደ መስጂድ ይመላለሱ የነበሩ አባት ዛሬ ደረጃው ቢያግዳቸው እርምጃቸው አልቆመም። ስቃይ ጨምረው የሚገዙት ነገር የለም፤ የሚፈልጉት ቀድሞውኑ እየተጻፈላቸው ነውና። የቀረባቸው አላህ ያቀረበላቸውን ማቅለያ ሳያፍሩ መቀበል ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለታመሙት ሶብርን፣ ለጤነኞቹ አስተዋይ ዓይንን ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።